የደበሳ ራስጌ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደበሳ ሞተ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሙዘይን ተናደደ።

ያናደደው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። ጃንጥላውን ይዞ ወደ ሆስፒታል ሊወጣ ሲል፣ ወንድማችን አብዱልሃዲ ወደ አኼራ ሄደዋል፣ ከዙህር በኋላ ይሰገድባቸዋል የሚል ማስታወቂያ ሰማ። መቱ ውስጥ አብዱልሃዲ የሚባል ሰው የሚያውቅ አልነበረም። ደበሳ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሲሰልም የወጣለት ስም ነው። የጋብቻው ኒካ ላይ አንድ ጊዜ ተጠራበት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራውም፤ ቢጠሩትም ዞር አይልም ነበር።

ሙዘይን ቶፊቅ ጋ ደወለ። ቶፊቅ ሞባይል ቤት አለው፤ የመስጊዱ ኮሚቴ ጸሐፊም፣ አራጅም ነው።

«ማን ሞተ ብለህ ነው ያስነገርከው?»

«አብዱልሃዲ ነዋ፣ ጋሼ ሙዘይን።»

«አብዱልሃዲ ማነው?»

«ደበሳ።»

«ታዲያ ደበሳ አትልም?»

«በመስጊድ ማይክ ደበሳ ይባላል እንዴ?»

«መታወቂያው ደበሳ ነው። ደሞዝ የፈረመው ደበሳ ብሎ ነው። ሚስቱ እንኳ ደበሳ እያለች ነው የሞተችው። ድገመውና ደበሳ በል።»

ቶፊቅ ደገመው። ሁለተኛው ማስታወቂያ «አብዱልሃዲ፣ ማለትም ደበሳ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ ዘንግ ያዥ» የሚል ነበር። ከተማው ማን እንደሞተ ያወቀው ያኔ ነው።

ሙዘይን ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰላሳ ዓመት ግድም የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበር። መቱ ውስጥ ከሦስት አጥር አንዱ እሱ በተከለው ችካል ላይ ቆሟል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰውም አሁን ድረስ ያኮርፈዋል። ደበሳ በ1986 በቀን ሠራተኛነት ገብቶ አብሮት ሠራ። ሥራቸው ቀላል ነው። ሙዘይን መሣሪያው ውስጥ ያያል፤ ደበሳ ባለ ቁጥሩን ረጅም ዘንግ ይዞ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ይቆማል። በመካከላቸው ቡና፣ ወንዝ፣ የሰው ጓሮ አለ። መጮህ ስለማያዋጣ በእጅ ይነጋገራሉ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ አድርገው፣ በቃ። እንዲህ እያሉ ሃያ ሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ በአፍ የተነጋገሩት አንድ ሰው ለጎረቤቱ በወር የሚያወራውን አያህልም።

ቀብር መለካት ውስጥ የገቡት በጥፋት ነው። ጥፋቱ የሙዘይን ነው።

በ1991 በአንድ መንደር አንድ ትንሽ መስጊድ ሊታደስ ሲል ልኩን እንዲያወጣ ተጠራ። መስጊዱ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ያሠሩት ሰዎች መካ በምሥራቅ ነው ሲባል ሰምተው ነበር፤ ደግሞም የሚያውቁት ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው የሚጸልየው። ሙዘይን ካርታ ዘረጋ፣ ኮምፓስ አስቀመጠ። ከኢሉባቦር መካ ያለችው በሰሜን ነው፤ ከሰሜን አሥራ ሰባት ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ። ይህንኑ ተናገረ። ዝም ቢል ኖሮ ሕይወቱ ሌላ ይሆን ነበር። ሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ሁለት ዓመት አኮረፉት፤ አባቶቻችን ወደ ሌላ ቦታ ነው የሰገዱት ልትለን ነው ብለው። ነገሩን ያበረዱት ሼህ ሙደሲር ናቸው። ኒያ፣ የልብ ሐሳብ፣ መንገዱን አይስትም፣ ያለፈው ደርሷል፣ የሚመጣውን እናስተካክል አሉ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚመጣው ሁሉ ወደ ሙዘይን መጣ።

ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ፣ ዞሮ ይቀበራል። በዚህ አገር ይህ ማለት ራስ በምሥራቅ፣ እግር በምዕራብ ነው። አንድ ጊዜ ከተነገረ የሚረሳ ነገር አይመስልም። ይረሳል። ከኡካ ይደውላሉ፣ ከኖፓ ይደውላሉ፣ እሱ ሠርግ ላይ እያለ ይደውላሉ። ኡካ ላይ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ቀብር ቆፍረው ጠበቁት። አንድ ቦታ ሁለት ወንድማማቾች የእናታቸውን ቀብር በሁለት አቅጣጫ ጀምረው እሱ እስኪደርስ አካፋ ተደግፈው ተኳርፈዋል። በእያንዳንዱ ቀብር ላይ ደበሳ ዘንጉን ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ከስልሳ በላይ ቀብር አብረው ለክተዋል። እንግዲህ በዞኑ ውስጥ አሥራ ሰባቱን ዲግሪ ከሙዘይን እኩል የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ዛሬ ሞተ።

ሬሳው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። የመቱ የሙስሊም መቃብር በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የደበሳ ሚስት ኸይሪያ እዚያ ናት። ሙዘይን ወደዚያው የሚሄዱ መስሎት ነበር፤ ሲቲና መስጊዱ በር ላይ እስክትይዘው ድረስ።

ሲቲና የደበሳ ብቸኛ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ኖፓ ነው የምንሄደው» አለችው።

«ማን አለ?»

«አባዬ። ከእናቴ አጠገብ አድርጉኝ ብሏል። ማለቴ ከሱ እናት፣ ከአያቴ።»

«እናትሽ እዚሁ አይደለች?»

«እናቴን እኔ ቀብሬያታለሁ፣ እሱም ቀብሯታል። እናቱን ግን አልቀበረም። ያውቃሉ እኮ።»

ያውቃል። ደበሳ ሲሰልም ሁለቱ ወንድሞቹ ሁንዴሳና ጎንፋ ከእሱ ጋር ተቆራርጠው ነበር። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው፤ ሁንዴሳ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እናታቸው በ1999 ስትሞት ለደበሳ የነገሩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሄዶ የደረሰው በመቃብሩ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ገና አልደረቀም ነበር። በኋላ ታርቀው በፋሲካ በፋሲካ መሄድ ጀምሯል። ሁንዴሳ ግን ከሙዘይን አልታረቀም። ወንድሜን ያሰለመው እሱ ነው ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም አይለውም።

«ለአጎቶችሽ ነግረሻል?»

«ጠዋት ደውያለሁ። እየቆፈሩ ነው።»

«ማን እየቆፈረ ነው?»

«እነሱ ናቸዋ።»

ሙዘይን ዓይኑን ጨፈነ። «ወዴት እንደሚቆፈር ነገራቸው?»

«ማን?»

«አባትሽ። ከመሞቱ በፊት።»

«እኔ እንጃ። አባዬ ምን ይናገራል።»

እሷም ልክ ናት። ሰውዬው ምን ይናገራል። ስልሳ ቀብር ላይ ቆሞ፣ የስልሳ ሰው ቤተሰብ ሲጨቃጨቅ እያየ፣ ለሁለት ወንድሞቹ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሙዘይን ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ በሬሳ ላይ መቆጣት ነውር መሆኑን ለራሱ አስታወሰ። ቁጣው ግን አልወጣለትም።

ሲቲና በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ብቻ ይዛችሁት እንዳትመለሱ።»

የሐምሌ ዝናብ ነበር። ቃሬዛው መሐል ላይ፣ ሰዎቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። ሲቲናና ሁለት ሴቶች ከኋላ በሌላ መኪና ነበሩ። ሼህ ሙደሲር ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ከፊት ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ቶፊቅ ስልኩን አውጥቶ የቂብላ ማሳያውን አሳየ።

«ጋሼ ሙዘይን፣ ከእንግዲህ እርስዎን ማስቸገር ቀርቷል። ስልክ ላይ አለ።»

«እሰይ።»

«ይኸው፣ ቀስቷ ስትዞር ያያሉ?»

«አያለሁ። ሚኒባሱ ነው የሚዞረው ወይስ መካ?»

ቶፊቅ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ኖፓ ሲደርሱ ከመንገዱ እስከ ቤተሰቡ የቡና ማሳ ድረስ ቃሬዛውን ተሸክመው በጭቃ ወረዱ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ድንኳን ተተክሏል፣ የኖፓ ሰው ሞልቷል። ሁንዴሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሌላ ሰው አላስቆፈረም። ስልኩ ከተደወለላቸው ጀምሮ እሱና ጎንፋ ብቻ ናቸው የቆፈሩት። የእናታቸውን ሞት በሦስተኛው ቀን መንገራቸው እንደሚከነክናቸው ለማየት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

ቶፊቅ ጉድጓዱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ጉድጓዱን አየ።

«ይሄ የክርስቲያን ቀብር ነው» አለ።

ጉድጓዱ ከእናትየው መቃብር ጎን፣ ከእሷ ጋር እኩል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተቆፍሯል። የእናትየው ራስ በምዕራብ ነው፤ መስቀሉ እዚያ ቆሟል። ለደበሳም ራስጌው በምዕራብ በኩል ተስተካክሎ፣ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሏል።

«ምን ሆነ?» አለ ሁንዴሳ።

«በዚህ ውስጥ አንቀብረውም። ሌላ እንቆፍራለን። ይሄ ይደፈናል።»

«ምኑ ነው የሚደፈነው?»

«ጉድጓዱ።»

ሁንዴሳ ድምፁን አልጨመረም። «ስማ፣ ወንድሜ። በእኛ ዘንድ የተቆፈረ ቀብር ባዶውን አይደፈንም። ሌላ ሟች ይጠራል። እዚህ ግቢ ውስጥ የልጅ ልጆች አሉኝ። ወይ ደበሳ ይገባበታል፣ ወይ እኔ እገባበታለሁ፤ ባዶውን ግን አፈር አታለብሱትም።»

«ይሄ እምነት አይደለም፣ አጉል ልማድ ነው።»

«ያንተን እምነት አልነካሁም፤ ጉድጓዴን አትንካ።»

«ካልሆነ መልሰን መቱ እንወስደዋለን።»

«ትወስዱታላችሁ? አንድ ጊዜ ወሰዳችሁት እኮ።» ይህን ሲል ያየው ሙዘይንን ነው።

ከሙዘይን በስተኋላ ሰው ተከፋፍሏል። የመቱዎቹ ከቃሬዛው ዘንድ፣ የኖፓዎቹ ከጉድጓዱ ዘንድ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ሙሾ ጀመሩ፤ ቶፊቅ ወደዚያ ዞሮ ለሬሳ መጮህ ክልክል ነው ሊል አፉን ሲከፍት ሼሁ በከዘራቸው እግሩን ነካ አደረጉት። ከቡናው ሥር ሲቲና ብቻዋን ቆማለች። ከዚያ ሆና ምን እንደሚባል አትሰማም፤ ግን ማን ወዴት እንደሚጠቁም ታያለች። ቶፊቅ ወደ መንገዱ ሲጠቁም ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣች።

እንዲህ እያሉ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ሽማግሌዎች ገቡ፣ ሽማግሌዎች ወጡ። አንዱ ጉድጓዱ ባለበት ይሁንና ደበሳ ብቻ ይዙር አለ። አንዱ ፖሊስ ይጠራ አለ። አንዱ የመሬቱን ግብር የሚከፍለው ማነው ብሎ ጠየቀ፤ ለምን እንደጠየቀ ማንም አላወቀም። ቶፊቅ ስልኩን ወደ አካፋዎቹ አስጠግቶ እያዞረ ነበር፤ ቀስቷ መጀመሪያ ወደ ወንዙ፣ ቀጥሎ ወደ ሁንዴሳ ቤት አመለከተች።

«ከብረቱ ራቅ በል» አለው ሙዘይን። «አንድ ጊዜ እንኳ ከብረት ራቅ በል።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም ይላሉ?»

«የምናገርበት ቀዳዳ መች ሰጣችሁኝ?»

ሼህ ሙደሲር ወደ ሰማዩ አዩ። ደመናው ሳስቶ በምዕራብ በኩል ብጫ ሆኗል። «ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው አይቀበርም» አሉ ቀስ ብለው። «ሙዘይን፣ ልጄ፣ ገብተህ እየው።»

ሙዘይን ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ከላይ ሁለቱም ወገን ጎንበስ ብሎ ያየዋል። መጀመሪያ ያናደደው ስፋቱ ነው።

«ይሄን ሁሉ ለምን አሰፋችሁት? በሬ ልትቀብሩ ነው?»

ጎንፋ መለሰ። ጎንፋ ታናሽየው ነው፤ እስካሁን አልተናገረም። «ችካሉን ተከትለን ነው፣ ኦቦ ሙዘይን። እኔም ሰፋ ብዬ ነበር። ሁንዴሳ እሱ እንዳደረገው ይሁን አለ።»

«የምን ችካል?»

«ደበሳ የተከለው። በፋሲካ ማግስት ሜትር ይዞ መጣ። አራት ችካል ተከለ። እዚህ ነው አለና ምሳ በልቶ ሄደ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ምንም። ወጡ ጨው በዝቶበታል አለ።»

ሙዘይን ሜትሩን ዘረጋ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ። ወርዱ አንድ ሜትር ከአሥር፣ ከላይም ከታችም፣ ያለ አንድ ሳንቲ ልዩነት። ሁለት ሽማግሌዎች የቆፈሩት ጉድጓድ እንደ ሣጥን የተስተካከለው ችካሉ ስለተስተካከለ ነው። ሙዘይን ሜትሩን አጠፈ። ደግሞ ዘረጋው።

አፈሩ እርጥብ በሆነበት አገር የሙስሊም ቀብር ሁለት ጉድጓድ ነው። ሰፊው ከላይ፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ሬሳው የሚገባበት ጠባብ ውስጠኛ ጉድጓድ። በውስጠኛው ላይ ጣውላ ይረበረብና አፈር ይመለሳል። ሬሳው ወደ ቂብላ ማየት ያለበት በውስጠኛው ውስጥ ነው፤ ሰፊው ወዴትም ቢያይ ችግር የለበትም። ሙዘይን ኮምፓሱን ጉድጓዱ ወለል ላይ አስቀመጠ፣ እስኪረጋ ጠበቀ፣ በሲባጎ አሥራ ሰባቱን ዲግሪ አሰመረ። አርባ አምስት ሳንቲ ወርድ፣ አንድ ሜትር ከዘጠና ርዝመት። ውስጠኛው ጉድጓድ ሰያፉን ይዞ፣ ራስጌው በአንዱ ማዕዘን፣ ግርጌው በሌላው ማዕዘን ገባ። በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ጣት ተረፈ።

ወርዱ ዘጠና ሳንቲ ቢሆን አይገባም ነበር። ሰባ ሳንቲ ቢሆን፣ እንደ ማንኛውም ቀብር፣ ጭራሽ አይታሰብም። ይህን ልክ ያወጣ ሰው ወንድሞቹ ከእናታቸው አጠገብ፣ ከእናታቸው ጋር እኩል እንደሚቆፍሩ ያውቃል። ሌላ ጉድጓድ እንደማያስነኩም ያውቃል። የመስጊዱ ሰዎች አሥራ ሰባት ዲግሪ እንደሚሉም ያውቃል። ሁሉንም አውቆ፣ በሜትር ለክቶ፣ ችካል ተክሎ፣ ምሳ በልቶ ሄደ። ለማንም አልተናገረም።

ሙዘይን ሜትሩን እንደያዘ ጉድጓዱ ወለል ላይ ቁጢጥ አለ።

«ምን ሆነ ጋሼ?» አለ ቶፊቅ ከላይ።

«ምንም አልሆነም። ይሄ ደደብ ሰው፣ አላህ ይማረው፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው።»

አስረዳቸው። ሁለት ጊዜ ማስረዳት ነበረበት፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ ምን ተባለ አለና ሦስተኛ። ቶፊቅ ከአካፋዎቹ ርቆ ስልኩን አስተካከለ፤ ቀስቷ ከሲባጎው ጋር ገጠመች። አላመነም፤ ዞሮ መጣና እንደገና አስተካከለ። እንደገና ገጠመች።

«እሺ» አለ። «ራሱ ግን በምሥራቅ ነው።»

እዚህ ላይ ሁንዴሳ እንደገና ቆመ። «ራሱማ በእናቱ ራስ በኩል ነው።»

«በእናቱ ራስ በኩል ከሆነ ፊቱ ወደ ደቡብ ይዞራል» አለ ሙዘይን። «በቀኝ ጎኑ ነው የሚተኛው። አስበው እስቲ። ራሱ በወዲህ፣ እግሩ በወዲያ።»

«ልጅ ራሱን በእናቱ እግር በኩል አድርጎ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ ከጠዋት ጀምሮ ሲል ነው የዋለው።»

«ይሄን ግን አልቀበልም።»

የሰማዩ ብጫ ወደ ቀይ መሄድ ጀምሯል። ሲቲና ከቡናው ሥር ወጥታ ግማሽ መንገድ መጥታለች፤ ሴቶቹ ክንዷን ይዘዋታል። ሙዘይን ከጉድጓዱ ውስጥ አንገቱን አቅንቶ ሁንዴሳን አየ። የዲግሪ ነገር ቢሆን ይመልስ ነበር።

የተናገረው ጎንፋ ነው።

«ድሮም እንዲህ ነበር የሚተኛው» አለ።

«ምን?»

«ደበሳ። አንድ አልጋ ነበር ያለን። አንተና እኔ በእናቴ ራስ በኩል። እሱ ስለሚራገጥ ገልብጣ በእግሯ በኩል ነበር የምታስተኛው። ረሳኸው?»

ሁንዴሳ ጭቃውን ከእጁ በሱሪው ጠረገ።

«ማል ጎና» አለ ጎንፋ፤ «ምን እናድርግ፣ ሁንዴሳ፣ እየመሸ ነው።»

ሁንዴሳ ዶማውን አነሳና ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሙዘይን ወደ ጥግ ተጠጋለት። ሁንዴሳ ሲባጎውን አየ፣ «ይሄን ተከትዬ?» አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያኮርፈው ኖሮ ያለ ክርክር የተናገረው የመጀመሪያው ቃሉ ነው። «ተከትለህ» አለ ሙዘይን። አርባ ሳንቲ ጥልቀት ለመቆፈር ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሁለቱም እያለከለኩ ነበር፤ አንዱም ለሌላው ዕረፍ አላለም።

ሬሳው ሲወርድ ሁለቱም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ቶፊቅ፣ «ዘመድ ቢሆንም ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሲሆን...» የሚል ነገር ጀመረ።

«ቶፊቅ» አሉ ሼህ ሙደሲር፣ «ጣውላ አቀብል።»

ሙዘይን የሬሳውን ራስ ያዘ፣ ሁንዴሳ እግሩን። «ቢስሚላሂ ወዐላ ሚለቲ ረሱሊላህ» እያለ ሙዘይን በቀኝ ጎኑ አጋደመው፣ ጉንጩን ወደ አፈሩ አስጠጋ። ከፈኑ የታሰረባቸው ሦስት ቋጠሮዎች መፈታት ነበረባቸው። የራሱና የወገቡ ተፈቱ። የእግሩ ቋጠሮ በዝናብ ርሶ ጠበቀ። ሁንዴሳ በወፍራም ጣቶቹ ታገለው፣ ታገለው፣ አልፈታ አለው። ሙዘይን ቢላ ይቅረብ ሊል አስቦ ፊቱን አየና ተወው። ሰዉ ቆሞ ጠበቀ። ቋጠሮው ሲፈታ ሁንዴሳ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከዚያ «ጣውላ» አለ።

አፈሩን የመቱውም የኖፓውም ሰው መለሰ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ተደረገ፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሲቲና መጥታ በስተሰሜን ቆመች፤ ፊት ለፊቱ መሆኑን ሙዘይን ነገራት። «አለቀ?» አለችው። «አለቀ» አላት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አላሰማችም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ግን ስለ እሷም ጮኹላት፤ ቶፊቅ በዚህ ጊዜ የሚያየው ሌላ ነገር አገኘ።

ሙዘይን ጫማውን ፈልጎ አንዱን አጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን በቅጠል ሲጠርግ ሁንዴሳ አንዱን ጫማ ይዞ መጣ። ሰጠውና አጠገቡ ቆመ።

«አንተ ነህ ያሰለምከው እል ነበር» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«አይደለህም?»

«እኔን መች ጠየቀኝ። ኸይሪያን አየ፣ ሼሁ ጋ ሄደ፣ በማግስቱ ሥራ ላይ ነገረኝ። ያውም በእጁ።»

«አንተ ምን አልከው?»

«አስበህበት ግባ፣ ጠላህን አትተውም አልኩት።»

ከሁንዴሳ ደረት ውስጥ የሆነ ነገር ወጣ፤ ሳቅ ነበር፤ ድንኳኑ በር ላይ የተቀመጡት ዞረው አዩት።

«ፓስተራችንም እንዲሁ ነበር ያሉት» አለ። «ሃያ ዓመት መከሩት። እናንተ ግን አስተዋችሁት።»

«ተወው እንዴ? ሽታውን በሜንታ ከረሜላ አጥፍቶ ነበር የሚመጣው።»

ሁንዴሳ እንደገና ሳቀ፤ በክንዱም ዓይኑን ጠረገ። ሚኒባሱ ከላይ ሁለት ጊዜ ጥሩንባውን ነፋ። ቶፊቅ ከመኪናው መስኮት እጁን አውጥቶ ይጣራል።

«ቅዳሜ ሦስተኛው ቀን ነው» አለ ሁንዴሳ። «ሁለት በግ አለ። አንዱ የእናንተ ነው። የሚያርድ ሰው ይዘህ ና።»

«በዚህ መንገድ?»

«በዚህ መንገድ።»

«ጉልበቴን አይተኸዋል? ዝናቡን አይተኸዋል? ሬሳ ሳይኖር ሰው በዚህ ጭቃ ይመጣል?»

«አራት ሰዓት ላይ ና» አለ ሁንዴሳ። «ጎንፋ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።»

ሙዘይን የጫማውን ክር አሰረ፣ እጁን ዘረጋ፤ ሁንዴሳ ይዞ አስነሳው። ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ከቶፊቅ ሌላ አራጅ ማን እንዳለ ማሰብ ጀመረ። ማንም አልነበረም።